ጳጉሜን የማያውቅ ሰዓት

ገንዳ ውሃ
ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአይናለም

ሰላምታዬ ከዚህ ላብ ከማያደርቅ ቆላ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ብርኖ እስኪደርስ ሙቀቱ አይብረድበት። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። ልጄ ባየሽም ደኅና ናት፤ ይህን ደብዳቤ ኔትወርክ የመጣ ቀን በስልኳ አንሥታ የምትልክልሽ እሷ ናት። ጡረታ እስክወጣ ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ አልቀበልም ነበርና፣ አንቺም ስትመልሺ ቀኑን እንዳትዘነጊ።

የላክሽው ሳጥን በደኅና ደርሶ፣ ልጄ እንግዳው ከሚጠብቀው የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተሰቅሏል። ከአብርሃ ጅራ በትራክተር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሳጥኑ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ የክፍሉን እርጥበትም ይለካል። ማሽላው ዘንድሮ አልሻገተም። ማኅበርተኞቹ ለመጣ ሰው ሁሉ "የእንግዳው የአጎት ልጅ የሠራችው ነው" እያሉ ያሳዩታል አሉ።

ልጄ ግን አንድ ቅሬታ አለው። "ሳጥኑ የሚያወራው በፈረንጅ ቀን፣ እኔ መዝገቡ ላይ የምጽፈው በእኛ ቀን፤ ሳሰላ ነው የምውለው። ደግሞ በአንድ ሌሊት ስምንት ዓመት አስረጀችኝ በይልኝ" ብሎ ሳቀ። የእኛን አቆጣጠር ከነጳጉሜው እንድታስገቢለት ይለምንሻል። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቀረበት ስለሆነም፣ በእጁ ማስተካከል ቢፈቀድለት ይወዳል። ያቺ ሳጥን ብቻ አይደለችም የተምታታባት፤ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ገላባት ላይ ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል፤ መተማ ዮሐንስ "ስንት ሰዓት ነው?" ብለሽ ብትጠይቂ "የማን?" ይሉሻል።

እሱ እዚያ ጭቃ ውስጥ ብቻውን መክረሙ አይጥመኝም። ዝናቡ ሲጠና መንገዱ ለሳምንት ይዘጋል። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ነው የምጽፈው።

የጀመርሽው ሁሉ በእጅሽ ይለቅ።

አክስትሽ የዓለምወርቅ

———

ብርኖ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትየ የዓለምወርቅ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ቤትዎም ሰላም ሆኖ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። የዘገየሁት በስንፍና ሳይሆን፣ ለጋሼ እንግዳው የምሰጠው መልስ በቂ ምክንያት እንዲኖረው ስለፈለግሁ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የሰዓት ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ ስላላት መብራት ቢጠፋም፣ ሳጥኑ ቢተኛም መቁጠሯን አታቋርጥም። በእሷና በሰው መካከል ከርነል የሚባለው የማሽኑ አስተዳዳሪ ክፍል ቆሟል፤ የእኔ ሥራም እዚያ ላይ ነው። እርስዎ መዝገብ ቤት ሳሉ ባለጉዳይ መደርደሪያው ድረስ ዘልቆ ፋይል አይመዝም ነበር። በመስኮቱ ይጠይቃል፣ እርስዎ አውጥተው ያሳዩታል። ከርነሉም ሰዓቷን እንደ አንድ ፋይል አድርጎ በመስኮት ያቀርባታል። ማንበብ ለሁሉም ነው፤ መጻፍ ግን ለተፈቀደለት ብቻ።

ጳጉሜን ላስገባ አልችልም። ቺፗ የምታውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚጽፍባት ቢኖር ከርነሉ "የተሳሳተ ቁጥር" ብሎ ይመልሰዋል። ቢቻልም እንኳ አላደርገውም ነበር። አንድ ሰዓት በሁለት አቆጣጠር ከተናገረ ምስክርነቱ አይታመንም፤ ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ተቀብያለሁ። ለባየሽ የላክሁት ፋይል በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ ሲደርሰው፣ በሳጥኑ ቁልፎች ሰዓቱን ራሱ ማስተካከል ይችላል። እባክዎ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩልኝ፦ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀንና በፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይሁን። ከርነሉ የቁጥሩን ቅርጽ እንጂ እውነትነቱን አይመረምርም።

ብቻውን መክረሙ ስላሳሰበዎ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ቺፗ በየቀኑ ቀትር ላይ ሳጥኑን ትቀሰቅሰዋለች። ሳጥኑም በሩ ከትናንት ወዲህ ተከፍቶ እንደሆነ ያያል። ካልተከፈተ ወደ እርስዎና ወደ ጓደኛው ወደ ይርዳው ስልክ "እንግዳው ከትናንት ጀምሮ በሩን አልከፈተም" የሚል መልእክት ይልካል። መልእክት ካልመጣ ደኅና ነው ማለት ነው። ስለዚህ አይስጉ።

ከመቼውም ይልቅ በአክብሮት

አይናለም

———

ገንዳ ውሃ
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአይናለም

እንደምን ነሽ ብዬ ብዙ አልጽፍም። እንግዳው የለም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደውሎ ትኩሳት ቢጤ ይዞኛል ብሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ አልሠራ አለ። ለአረም የመጡት የቀን ሠራተኞች ለዘመን መለወጫ ወደ ደጋ ወጥተው ነበርና መስከረም 4 ቀን ሲመለሱ፣ አለቃቸው ማተቤ በሩን በኃይል ገፍቶ የሳጥኑን ሽቦ በጥሶ ሲገባ አልጋው ላይ አገኘው። ወባ ነው ተባለ። እኔ ስደርስ አብርሃ ጅራ ተቀብሮ ነበር። አላየሁትም።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ቀኑ ነው። ፖሊሶች ሳጥኑን ከፍተው የመጨረሻውን መስመር አነበቡ። 2018፣ ወር 01፣ ቀን 02፤ በሩ 00:40 ላይ ተከፍቶ 01:05 ላይ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም፤ ማተቤ የገባበትን ሽቦው ስለተበጠሰ አልመዘገበውም። ከሌሊቱ ስድስት ከአርባ ማለት ነው አሉኝ። መስከረም 2 ቀን፣ በሌሊት፣ በዚያ ትኩሳት፣ ልጄ ሃያ አምስት ደቂቃ በር ከፍቶ ሰው ሲጠብቅ ቆሟል ማለት ነው።

የጎረቤታችን የአቶ ፈረደ ልጅ ይርዳው በመስከረም 1 ቀን መድኃኒትና የበዓል ምግብ ይዞለት ሄዶ ነበር፤ እኔ ነኝ የላክሁት። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ፣ ለበዓሉ አብርሃ ጅራ ወርዶ ይሆናል ብሎ ተመለሰ። እንግዲህ ልጄ ያን ዕለት ሕያው ነበር። ይርዳው አሥር እርምጃ ገብቶ በሩን ቢገፋው ኖሮ ይላል አገሩ ሁሉ። እኔም እላለሁ። ያየው የጤና መኮንን "አምስት ቀን ሳያልፈው አይቀርም" ብሎ ነበር፤ ሳጥኑ ከተናገረ በኋላ ግን የሰማው የለም። ይርዳው የሚነዳውን ትራክተር ትቶ ቤት ውሏል። አቶ ፈረደም በደጃችን ሲያልፉ ቀና አይሉም።

አርባው ከመስከረም 2 ተቆጥሮ ጥቅምት 11 ይውላል። ካህናቱን አነጋግሬያለሁ። አንቺ የሳጥኑ ባለቤት ነሽና ቀኑ ትክክል ስለመሆኑ በጽሑፍ ማረጋገጫ ስጪኝ። ሰውን የምወቅሰው በመረጃ ነው። ባየሽ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ገልብጣ ልካልሻለች።

እግዚአብሔር አንቺን ያቆይልኝ።

የዓለምወርቅ

———

ብርኖ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

የመጽናናትን ቃል የሚሰጥ እሱ አምላክ ይስጥዎ፤ እኔ የለኝም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው። ከዚያ ወዲህ የሳጥኑን መዝገብ መስመር በመስመር አንብቤያለሁ። ማረጋገጫ ጠይቀውኝ ነበር። የምሰጥዎ ግን እርማት ነው።

ጋሼ እንግዳው ነሐሴ 18 ቀን ጧት በ3 ሰዓት የሳጥኑን ሰዓት ቀይሯል። የጻፈውም 2017፣ ወር 12፣ ቀን 18፣ ሰዓት 03:00 ነው። የእኛን ቀንና የእኛን ሰዓት ነው የሰጠው። ከርነሉ ተቀበለው፤ የቁጥሩ ቅርጽ ትክክል ነበርና። በእጅ ከተሞላ ወዲያም ሳጥኑ ከኔትወርክ ሰዓት አይቀበልም።

ማሽኑ ግን ወር 12ን የሚያውቀው በፈረንጅ ሠላሳ አንድ ቀን አድርጎ ነው። ከነሐሴ 30 በኋላ ቀን 31 አለ። በዚያ ዕለት ጧት መዝገቡ ላይ ሦስት የተመለሱ ጥያቄዎች አሉ፦ ወር 13፣ ቀን 1። የተሳሳተ ቁጥር። ወር 13፣ ቀን 1። የተሳሳተ ቁጥር። ሦስተኛውም እንዲሁ። ነሐሴ 31 የሚባል ቀን አይቶ፣ ጳጉሜን ሊጽፍ ሲሞክር ነው። በማግሥቱ ማሽኑ ወደ 2018፣ ወር 01፣ ቀን 01 አለፈ። እሱም እንደገና ወር 13፣ ቀን 2 ብሎ ሞከረ። አሁንም ተመለሰበት።

እንግዲህ ማሽኑ "ወር 01፣ ቀን 01" ያለው ጳጉሜን 2 ነው። ለዚህ ምስክሩ የራሱ የጋሼ እንግዳው እጅ ነው። በማግሥቱ "ወር 01፣ ቀን 02" ያለው ደግሞ መስከረም 2 አይደለም። ጳጉሜን 3 ነው።

ሰዓቱም ሌሊት አይደለም። በእኛ ሰዓት ስለተሞላ 00:40 ማለት ጧት ጎሕ ሲቀድ 12 ሰዓት ከ40 ነው። በሩ ሲከፈት የክፍሉ እርጥበት 71 ነበር፤ ሲዘጋ 88 ሆኗል። ውጭ ዝናብ ነበር ማለት ነው። በጳጉሜን 3 ጧት በዝናብ ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ለምን እንደቆመ መዝገቡ አይናገርም፤ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ሳጥኑ የሞተበትን ሰዓት አያውቅም። የሚያውቀው እጁ በሩን የነካበትን የመጨረሻ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚህ አልፌ ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን መስከረም 2 ቀን ተነሥቶ በር አልከፈተም፤ ሰውም ሲጠብቅ አልቆመም። የጤና መኮንኑ ቃል ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። ይርዳው የተወቀሰው ማሽኑ ባላየው ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ በሰው ፊት እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

አርባው ከጳጉሜን 3 ከተቆጠረ ጥቅምት 7 ይሆናል። ከዚያ በፊት እንዲደርስዎ እጸልያለሁ።

አይናለም

———

ገንዳ ውሃ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናለም

ጤና ይስጥሽ፣ ከሐዘንም የሚተርፍ ጉልበት ይስጥሽ። ደብዳቤሽ የደረሰው ጥቅምት 9 ነው። አርባው በሁለት ቀን አልፎን ነበር።

ጥቅምት 7 ምን ሳደርግ እንደዋልሁ ባየሽን ጠየቅኋት። ለአርባው የሚሆነውን እህል ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ የመጣሁበት ቀን ነው። ከባጃጁ ላይ ኬሻውን ያወረደልኝ ይርዳው ነበር፤ በዚያ ሲያልፍ አይቶኝ። ሳላመሰግነው ገባሁ። ለካ በልጄ በአርባው ቀን ከወዳጆቹ ሁሉ በደጄ የተገኘው እሱ ብቻ ኖሯል፤ እሱም ሳያውቀው።

ደብዳቤሽን ይዤ አቶ ፈረደ ቤት ሄድሁ፤ ጎረቤትም ጠርቼ ቆሜ አነበብሁት። አቶ ፈረደ እስከ መጨረሻው ሰሙና "ከሳሹም ሳጥን፣ ነጻ የሚያወጣውም ሳጥን፤ እኛ ምን እንሠራለን እንግዲህ?" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሳቂያ አጣሁ። ይርዳው ጥግ ተቀምጦ ነበር። "እትየ፣ እኔ እንኳ ራሴን አላመንሁትም ነበር" አለኝ። "ድምፁን ከውስጥ የሰማሁ እየመሰለኝ ነው የከረምሁት። አገሩ ሁሉ በሕይወት ነበረ ሲለኝ፣ ጆሮዬም ሰምቻለሁ አለኝ።" አርባውን እንደተቀጠረው በ11 አወጣን። ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው።

ስለ ዝናቡ የጠየቅሽው ግልጽ ነው። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ያንቺንም የእሱንም ልብስ አስወልቄ ግቢ ውስጥ በዝናቡ ሳስጠምቃችሁ አንቺ ታለቅሺ ነበር፤ እሱ ግን ግባ ብለው አይገባም ነበር። ቀኑን እንዳይስት ነው ከሳጥንሽ ጋር ሲታገል የከረመው። ሰው ሲጠብቅ አልነበረም ማለትሽ እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ነሐሴ ላይ ደብዳቤሽን በስልክ ሳነብለት "በፈረንጅ ቀን ብቻ ይሁን" ያልሽውን ዘለልሁት። ጳጉሜን አላስገባም ማለትሽ ከብዶት ድምፁ ወርዶ ነበርና፣ ሌላ ክልከላ ልጨምርበት አልፈለግሁም። "እንደወደድክ አስተካክል ተብሎልሃል" አልሁት። በመዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስመር ዘልዬ አላውቅም ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በሩ አንድ ቀን ካልተከፈተ ሳጥኑ መልእክት ይልካል ብለሽኝ ነበር። ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 4 በሩ አልተከፈተም። ያን ሰሞን የመደወያው ኔትወርክ እንደነበረ ባየሽ አረጋግጣለች። ለእኔም፣ ለይርዳውም የደረሰን ነገር የለም። በጥቅምቱ ደብዳቤሽ ስለዚህ አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ረስተሽው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ አትረሺም።

አክስትሽ የዓለምወርቅ

———

ብርኖ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ መልስ ያልሰጠሁዎ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። አልረሳሁትም። በጥቅምቱ ደብዳቤ ያልጻፍሁት ስለፈራሁ ነው።

የቺፗ ማንቂያ አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው የምትይዘው። ሳጥኑን ስትቀሰቅሰው ሳጥኑ የነገውን ቀጠሮ ይሰጣታል፤ ነገ ስትቀሰቅሰው ደግሞ የከነገ ወዲያውን። ጋሼ እንግዳው ሰዓቱን ሲቀይር የተያዘው ቀጠሮ በፈረንጅ የ2025 ዓመት ወር 8፣ ቀን 24፣ ቀትር ላይ ነበር። እሱ ዓመቱን 2017 አደረገው። ቀጠሮው ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት የቀረው ጊዜ ርቆ ሄደ። ቺፗ አልተበላሸችም፤ ያ ቀን እስኪመጣ በታማኝነት እየጠበቀች ነበር። እኛም ዝምታዋን ደኅና ነው ብለን ተረጎምነው። ካልመጣ ደኅና ነው ብዬ የጻፍሁልዎ እኔ ነኝ።

እርስዎ አንድ መስመር ዘለልሁ ብለዋል። መስመሩ ቢነበብለትም ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሰዓቱን የመጻፍ መስኮት የከፈትሁ እኔ ነኝ፤ መስኮቱን የከፈተ ደግሞ ሰዓቱ በተቀየረ ቁጥር ቀጠሮውም አብሮ እንዲታረም ማድረግ ነበረበት። አላደረግሁም። ስለዚህ ጥፋቱን ከእኔ ጋር አይካፈሉ።

ስለ ጳጉሜንም የጻፍሁልዎ እውነት ሆኖ ሳለ ትክክል አልነበረም። ከርነሉ የዓለሙን አቆጣጠር እንደያዘ ሆኖ፣ ሳጥኑ ከሰው ጋር ሲነጋገር ብቻ ወደ እኛ ቀን መመንዘር ይችል ነበር። ባለፈው ሳምንት ሠርቼዋለሁ። መስታወቱ ላይ "ጳጉሜን 3፣ ጧት 12:40" ብሎ ያሳያል። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። ሐምሌ ላይ ሲለምነኝም የሚፈጅብኝ ይኸው ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ መርሕ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ።

ሳጥኑ አሁን እርስዎ ዘንድ ነው። ማወቅ የሚገባዎ ነገር አለ፦ ያ ቀጠሮ እስካሁን ቺፗ ውስጥ አለ። ካልተሰረዘ ሚያዝያ 22 ቀን 2025 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሳጥኑን ይቀሰቅሰዋል። ሳጥኑም በሩን ያያል፤ ከዚያ ስልክዎ ላይ "እንግዳው ከትናንት ጀምሮ በሩን አልከፈተም" ብሎ ይጽፋል። ይህ እንዲደርስብዎ አልፈልግም። ከላይ ያለውን ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ተጭነው ቢይዙ ይሰረዛል። ባየሽ ልታደርገው ትችላለች።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አልጠይቅም። እንዲያውቁት ግን ግድ ነበር።

አይናለም

———

ገንዳ ውሃ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናለም

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ያለሽበት ብርድ አይበርታብሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ከሌሎቹ ጋር በቀናቸው ቅደም ተከተል ፋይል አድርጌዋለሁ። ስለ ጥፋት ከእንግዲህ አንጻጻፍ። አንቺም ጻፍሽ፣ እኔም ዘለልሁ፣ እሱም ቀኑን ወደደ። ጳጉሜን የሚያውቅ ሳጥን ለማኅበሩ ለቀሩት መጋዘኖች ላኪላቸው። ይርዳው በትራክተሩ እያዞረ ይሰቅልልሻል፤ እሺ ብሎኛል።

የእንግዳውን ሳጥን ግን አትንኪው። ከቤቴ በር በላይ ሰቅየዋለሁ። ሰዓቱም እሱ እንደተወው ይሁን፤ በሱ ቀን ዛሬ ስንት እንደሆነ እያሰላሁ አነባለሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ለዚህ አይሰንፍም። ባየሽ ቁልፉን ልትጫን እጇን ስትዘረጋ መለስኋት።

ቀጠሮው ይቆይ። ያን ቀን ከቆየሁ ስልኩን ሞልቼ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። ካልቆየሁ የስልክ ቁጥሬ ለባየሽ ይተላለፍ ብዬ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ስምንት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን፣ አንድ ሰው ልጄን የት ገባ ብሎ ይጠይቅ።

አክስትሽ የዓለምወርቅ